ሊማሊሞ ላይ የተሻረው ሰዓት

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ደባርቅ ላይ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ገበያ ስሄድ ሾፌሩ መግባት የተከለከለበትን መንገድ ይዞ ገባ። ምልክቱን በጣቴ አሳየሁት። «ማን ተከለው?» አለኝ ሳይዞር። ማዘጋጃ ቤቱ መሆኑን ብነግረው «ማዘጋጃ ቤት መከልከል ይችላል እንዴ?» ብሎ ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ። አብራን የተሳፈረችው ሴትዮ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሰውዬው ሳያውቀው የጠየቀኝ በዳኝነት ዘመኔ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝን ጥያቄ ነው። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ በፍርድ ጽፌዋለሁ። ያን ፍርድ የጻፍሁት በደርግ ዘመን፣ እዚሁ ደባርቅ ነው። እንዴት እንደ ጻፍነውና ምን እንደ ተከተለው ለመናገር ከሥራዬ መጀመሪያ መነሣት ይሻለኛል።

ሥራ የጀመርሁት ዳባት ወረዳ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ነው። ደመወዙ ወይ ለቤት ኪራይ ወይ ለጫማ ይበቃል፤ ለሁለቱም ሲበቃ አላየሁም። የመጀመሪያው አለቃዬ እንደ ንጉሡ አጎንብሱ የሚል ዳኛ ነበር። በንጉሡ ጊዜ «ግርማዊነታቸው ባዘዙት መሠረት» እያለ ይፈርድ የነበረው ሰው ለውጡ ሲመጣ ሳይውል ሳያድር «አብዮቱ በሚጠይቀው መሠረት» ማለት ጀመረ። መሠረቱ ተለወጠ፤ ፍርዱ ግን ያው ነበር።

እዚያ ሳለሁ ቀበሌው በገበያ ቀን የጭነት ከብት በዋናው መንገድ እንዳይሄድ ከልክሎ ነበር። በአቅራቢያው ካለችው ወቀን የመጣ አንድ ገበሬ በቅሎውን ሲነዳ ተይዞ መጣ። መንገዱ መንገድ ሳይባል አያቱ እህል ጭነው ሲመላለሱበት እንደ ነበር ተናገረና ማን እንደ ከለከለው ጠየቀ። ዳኛው የቀበሌውን ወረቀት አንሥቶ ማኅተሙን አሳየው። «ይኸ ምንድን ነው?» አለው። ገበሬው ቀረብ ብሎ አየና «ክብ ነው ጌታዬ» አለ። ዳኛው ማኅተም ያለበት ሁሉ ሕግ እንደሆነ አስረድቶ ቀጣው። ገበሬው ሲወጣ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ማኅተም ቀራጩ ስንት ነው የሚያስከፍለው?» ብሎኛል። እኔም ያን ጊዜ እንደ ድፍረት ቆጠርሁበት።

ከዚያ ለሕግ ትምህርት አዲስ አበባ ተላክሁና ስመለስ አዲ አርቃይ በዳኝነት ተመደብሁ። የአዲ አርቃይ ሙቀት ደጋ ለለመደ ሰው ቅጣት ነው። ብዙው ባለ ጉዳይ ትግርኛ ተናጋሪ ስለነበር በአስተርጓሚ እንሠራ ነበር። ቃሉ ተተርጉሞ እስኪደርሰኝ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ የሰው ፊት ማየት እዚያ ተማርሁ። ለስብሰባ ወደ ደባርቅ ስወጣና ስወርድ ሊማሊሞንም ያወቅሁት በዚሁ ጊዜ ነው።

ሊማሊሞን ለማያውቅ ሰው፣ ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ ደጋው በድንገት ያልቅና መሬቱ ገደል ይሆናል። ጣሊያን የጠረበው መንገድ በዚያ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ እስከ ቆላው ይወርዳል። ያን ጊዜ በብዙው ቦታ ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን አያሳልፍም ነበር። ከተገናኙ አንዱ የኋሊት መሄድ አለበት፤ የኋሊት የሚሄደው ደግሞ የኋላ ጎማው የት እንደሚያርፍ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ የአገሩ ሰው መላ ነበረው። አፋፉ ላይ አንድ ጠሪ፣ ከታች ካለው ሰፊ መታጠፊያ ላይ ሌላ ጠሪ ይቀመጣል። መኪና ሊወርድ ሲል የላዩ ሰው መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ «መኪና ሊወርድ ነው፣ ያዝ!» ብሎ ይጣራል። የታቹ ሰው ወደ ላይ የሚወጡትን ያስቆምና «ይዣለሁ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ካልተሰማ ማንም አይወርድም። ሾፌሮች ለጠሪዎቹ ጨው፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም ቀይ ሽንኩርት ይጥሉላቸው ነበር። ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም። ጸሐፊም ማኅተምም አልነበረውም፤ ይሠራ ግን ነበር።

ከአዲ አርቃይ ደባርቅ ወዳለው የአውራጃ ፍርድ ቤት ተዛወርሁ። የመሀል ዳኛው ጋሼ ተድላ ነበሩ፤ እኔ በግራቸው እቀመጥ ነበር። ጋሼ ተድላ ከቅኔ ቤት ወደ ፍርድ ቤት የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲናደዱ ጭራሽ የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው። የማውቀውን ዳኝነት ያወቅሁት ከእሳቸው ነው፤ ስለዚህ ስለ ልማዳቸው ትንሽ ልበል።

አንድ ተከራካሪ የራሱን ነገር ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን እንዲናገር ያስገድዱት ነበር። «ያንተን እሰማለሁ፤ አስቀድመህ የእሱን ንገረኝ» ይላሉ። ባላጋራው «አዎ፣ የምለው እሱን ነው» ካላለ ክርክሩ አይጀመርም። መጀመሪያ ሳየው ቀልድ መስሎኝ ነበር። የድንበር ክስ ግማሹ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር፤ የጎረቤቱን ነገር በራሱ አፍ ሲናገር የሚያፍር ሰው ብዙ ነው። የማያፍረውም ቢሆን ይደክመዋል። አንዳንዱ ባለ ጉዳይ ፍርዱን ፈርቶ ሳይሆን ይህን ፈርቶ ይታረቅ ነበር።

ሁለተኛው ልማዳቸው ጠቡ የተነሣበትን ቦታ ሳያዩ አለመፍረድ ነው። ዝናብ ቢሆን፣ ዳገት ቢሆን፣ ጋቢያቸውን ደርበው በበቅሎ ይሄዳሉ። ቦታው ደርሰው ብዙ አይጠይቁም። ተቀምጠው ያያሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ከሌላው ወገን ይቀመጣሉ፣ ከዚያ እንመለሳለን።

ሦስተኛው ልማድ በእኔ ላይ የወደቀ ነበር። ፍርድ አርቅቄ ሳቀርብላቸው «ስለሆነም» የሚለውን ቃል ባገኙ ቁጥር በቀይ ይከቡና «ስለ ምን ሆነ?» ብለው ይመልሱልኛል። ምክንያቱን ሳልጽፍ መደምደሚያውን የማስገባበት ቀዳዳ ያ ቃል እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ በቀይ ክብ ተከብቤ ኖርሁ። እስከ ዛሬ ስለሆነም ብዬ መጻፍ አልችልም።

የአውራጃው አስተዳዳሪ ስለ ሊማሊሞ መንገድ ትእዛዝ ያወጡት እኔ ደባርቅ ከመጣሁ በሁለተኛው ክረምት ነው። ሁለት የጭነት መኪኖች ጉም ውስጥ ተጋጭተው ሰው ሞቶ ነበር፤ ጉም ሲወርድ ጥሪው እንደማይሰማ የታወቀ ነው። ደግሞ ያን ጊዜ በበረሃው በኩል ተኩስ ስለነበር ጩኸቱ የሠራዊት መኪና መውረዱን ለወንበዴ ያስታውቃል የሚል ነገር ተነሣ። ስለዚህ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን መውረድ ብቻ፣ ከእኩለ ቀን በኋላ መውጣት ብቻ ተባለ። መጣራት ተከለከለ። ይህን የጣሰ ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ መኪናው ይያዛል። ትእዛዙ አፋፉ አጠገብ ባለው የፍተሻ ኬላ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አስተዳዳሪውን በቅርብ አውቃቸው ነበር፣ ሞኝ ሰው አልነበሩም። ትእዛዙም ሞኝ ትእዛዝ አልነበረም።

በዚህ ትእዛዝ መጀመሪያ የተከሰሰው አየነው የሚባል የዳባት ሰው ነው። ከእግዜር በታች ያለው አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበር፤ ራሱ ይነዳዋል፣ ራሱ ከሥሩ ተኝቶ ይጠግነዋል። አንድ ቀን በግ ጭኖ ወደ አዲ አርቃይ ሊወርድ ኬላው ላይ ሲደርስ ፍተሻ ብለው ጠዋቱን ሙሉ አቆሙት። ፍተሻው ሲያልቅ የመውረጃው ሰዓት አልፏል፣ ነገ ና አሉት። አየነው ነገ አይልም። አፋፉ ላይ ያለውን ጠሪ፣ ዘለቀ የሚባለውን ገበሬ፣ ጥራልኝ ብሎ ለመነው። ዘለቀ ተጣራ፣ ታችኛውም መለሰ፣ አየነው ማንንም ሳይነካ ወረደ። ታች ሲደርስ ፖሊስ ያዘው። ዘለቀና የታቹ ጠሪም ጥቂት ቀን ታስረው ተለቀቁ። አየነው መንጃ ፈቃዱንም መኪናውንም አጥቶ እኛ ዘንድ ቀረበ። ካልረታ እሱም ሚስቱ ወርቄም የሚበሉት ከዘመድ ቤት ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት፣ ንግግሩ የሚጥም ልጅ ነበር። ጋሼ ተድላ እንደ ልማዳቸው አየነውን አስቀድመው የዐቃቤ ሕጉን ነገር እንዲናገር አዘዙት። አየነው ጉሙንም፣ የሞቱትንም፣ ተኩሱንም፣ ሰዓት መመደቡ ነፍስ እንደሚያድንም አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ከዚያ የተሻለ አልተናገረም። ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ይህ ሰው ራሱን አስቀጣ ብሎ አሰበ። እኔም አሰብሁ።

«ልክ ነው፣ የምለው እሱን ነው» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«አሁን የራስህን» አሉት ጋሼ ተድላ።

«የኔ አጭር ነው ጌታዬ» አለ አየነው። «ነገሩ ደህና ነው። ግን ይህን ያወጀው ማን ነው? በየትኛው ገበያ ተለፈፈ? አባቴ ያልተለፈፈ አዋጅ አዋጅ አይደለም ይል ነበር። እኔ የዳባት ሰው ነኝ፤ ዳባት ገበያ አልተለፈፈም።»

ዐቃቤ ሕጉ በተራው የአየነውን ነገር እንዲናገር ሲታዘዝ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ሰውዬው አላወቅሁም ነው የሚለው አለ። አየነው ራሱን ነቀነቀ። በሦስተኛው «ያወጣው አካል ሥልጣን የለውም፣ በሚገባም አልታወጀም ነው የሚለኝ» ሲል አየነው ፈገግ ብሎ እንዲያ ማለቱ መሆኑን አረጋገጠ። በሕግ ሰው አፍ ተመልሶ ሲነገረው ነገሩ ለራሱም የከበረበት መሰለኝ።

ቦታውን ለማየት ሄድን። ዘለቀን አፋፉ ላይ ካለው እርሻው ዳር አገኘነው። ጋሼ ተድላ እንዲጣራ ጠየቁት። ታስሬበታለሁ አላቸው። ዛሬ በኔ ትእዛዝ ነው ሲሉት መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ሄደ። ጠበቅን፤ መልስ የለም። የታቹ ጠሪ ከእስር እንደ ወጣ ወደ ዘመዶቹ ቆላ መውረዱን ዘለቀ ነገረን። ጋሼ ተድላ ወዲህም ወዲያም ተቀምጠው ካዩ በኋላ ተመለስን። መልስ መጥፋቱን አይተናል፤ የተጠየቅነው ግን ስለ ሥልጣን ነበርና መዝገቡ ውስጥ አላስገባነውም።

አስተዳዳሪው ጋሼ ተድላን አስጠሯቸው። ሲመለሱ የነገሩኝን ነው የምጽፈው። አስተዳዳሪው አልጮኹም። ትእዛዙ ከወጣ ወዲህ እዚያ ገደል ሰው አለመሞቱን አስታወሱና፣ ቢሻር ለሚፈሰው ደም ማን እንደሚጠየቅ ጠየቁ። ጋሼ ተድላም ሥልጣኑ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ስለሆነ ለሚኒስትሩ ይጻፉ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይውጣ፣ በወጣ ማግሥት እኔው አስፈጽመዋለሁ አሏቸው። «እስኪወጣ የሚሞተውስ?» አሉ አስተዳዳሪው።

ፍርዱን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ካረቀቅኋቸው ሁሉ እሱን የሚያህል የለም፤ ጋሼ ተድላ አንድ ቀይ ክብ ሳያደርጉበት መለሱልኝ። የአውራጃ አስተዳዳሪ ስለ ተሽከርካሪ ደንብ ለማውጣት ከሕግ የተሰጠው ሥልጣን የለም፤ ደንብ ደግሞ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ለሕዝብ ካልታወቀ ማንንም አያስገድድም፤ ኬላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሚያውቀው ኬላው ብቻ ነው፤ ባልነበረ ሕግ የተከሰሰው ሰው ጥፋት የለበትም፣ ንብረቱ ይመለስለት የሚል ነው። በቀኛቸው የሚቀመጠው ሦስተኛው ዳኛም ተስማማ። ጋሼ ተድላ ችሎት ላይ አነበቡት። አዳራሹ ውስጥ አየነው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ዘበኛው፣ ሌላ ጉዳይ ይጠብቁ የነበሩ ጥቂት ገበሬዎች ነበሩ። ወርቄ በሩ ላይ ሆና እልል ስትል ዘበኛው ፍርድ ቤት ውስጥ እልልታ የለም ብሎ አስወጣት፤ እልልታዋን ከውጭ ጨረሰችው። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው የጻፈው ፍርድ ሲነበብ ደስ ይለዋል።

አስተዳዳሪው ይግባኝ አላሉም። ትእዛዙንም አላነሡም። የፍርዱ ግልባጭ ግን ደርሷቸዋል። ወረቀቱ ኬላው ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ። የደባርቅና የዳባት ሾፌሮች አየነው መርታቱን ሰምተው በፈለጉት ሰዓት መውረድ ጀመሩ። ከሽሬ የሚመጡት ግን ማን ይንገራቸው፣ እነሱ የሚያውቁት ወረቀቱን ነው። አፋፉ ላይ ዘለቀ ወደ ጥሪው ተመለሰ። ከታች የሚመልስ ግን አልነበረም፤ የታቹ ጠሪ ፍርዱን አልሰማም።

ገና መስከረም ሳይጠባ አየነው በተመለሰለት መኪና ከሰዓት በኋላ ድንች ጭኖ አፋፉ ላይ መጣ። ዘለቀ ተጣራለት። መልስ አልመጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አየነው ሞተሩን አጥፍቶ ይተኛ ነበር፤ ሾፌር ነው፣ ያውቀዋል። ዘለቀ ቆይ ሲለው ግን «ፍርድ ቤት ፈርዶልኛል» ብሎ ወረደ። ከታች አርአያ የሚባል የሽሬ ሾፌር፣ የመውጫው ሰዓት በመሆኑ ተማምኖ፣ ማንም ሳያስቆመው ይወጣ ነበር። መታጠፊያው ላይ ተገናኙ። አየነው ወደ ገደሉ ዞረ። መኪናው የተገኘበት ቦታ ድረስ ሰው በገመድ ነው የወረደው።

አርአያ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሶ እዚያው አዳራሽ ቀረበ። ዐቃቤ ሕጉም ያው ነው። አርአያ በአስተርጓሚ፣ በተመደበልኝ ሰዓት ነው የወጣሁት አለ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ የእኔን ፍርድ አነበበበት። ያ ትእዛዝ ሕግ እንዳልነበረ ይኸው ፍርድ ቤት ወስኗል፤ ተከሳሹ ባልነበረ ሰዓት ተማምኖ፣ ሳይጠነቀቅ ሰው ገደለ አለ። የራሴን ዓረፍተ ነገር በሰው አፍ ስሰማው ምንም እንከን አላገኘሁበትም።

ጋሼ ተድላ የዚያን ዕለት ልማዳቸውን ትተው አርአያን የዐቃቤ ሕጉን ነገር ተናገር አላሉትም። ወርቄ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ ነበር። የምትናገረው እንዳለ ጠየቋት። ቆመች፤ ወደ አርአያም ወደ ዐቃቤ ሕጉም አላየችም።

«ባሌ ከእናንተ ዘንድ የመጣ ዕለት መንገዱ የኔ ሆነ አለኝ» አለች። «እንዲያ ብላችሁት ነው?»

«አላልነውም እመቤት» አሉ ጋሼ ተድላ።

«እንግዲያው ያላችሁትን ለምን አልነገራችሁትም?»

አስተርጓሚው ለአርአያ ሊተረጉምለት ጀምሮ ተወው። የረታ ሰው ምን እንደ ረታ አለማወቁን ያን ጊዜ አየሁ። አየነው የረታው ወረቀቱን ነው፤ መንገዱን የረታ መሰለው። እኛም ያልተለፈፈ አዋጅ አያስገድድም ብለን ፈረድን፤ ፍርዱን ግን አዳራሽ ውስጥ አንብበን ወደ ቤታችን ገባን። ከሕግ ትምህርት ቤት እስከዚያ ቀን ድረስ ፍርድን ማን ይለፍፈዋል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ፍርዳችን ያልተነገረው ሰው በእሱ አይጠየቅም ብለን አርአያን በነፃ አሰናበትነው። ከዐቃቤ ሕጉ በቀር የተቃወመ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ይግባኝ አላለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ተድላ ተከተለኝ አሉኝና ወደ ገበያ ሄድን። ከእህል ተራው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጡ። ሰው ዳኛው አበዱ ብሎ ተሰበሰበ። ዝቅ ያለው ድምፃቸው እንዲሰማ ሰዉ ራሱ ዝም ተባባለ። ሁለቱንም ፍርድ፣ የመጀመሪያውንም የኋለኛውንም፣ በገበያ አማርኛ ተናገሩ። ሰዓቱ ሕግ አይደለም፤ ሰዓቱ ሕግ አለመሆኑ ግን መንገዱን የማንም አያደርገውም አሉ። ከሽሬና ከአዲ አርቃይ የመጡ ነጋዴዎች ስለነበሩ አንዱ በትግርኛ እንዲደግመው አደረጉ።

አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ሰዓቱ ቀረ፣ ጥሪው ቀረ፤ እኛ በምን እንሂድ?» ብለው ጠየቁ።

እዚህ ላይ መቆም ነበረባቸው። ፍርድ ቤት ይሽራል እንጂ አይደነግግም፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ ተድላ ግን ወርቄን ሕዝቡ መሀል አይተዋት ነበር መሰለኝ፣ «በጥሪው ሂዱ» አሉ። «ከላይም ከታችም ሰው ይቀመጥ። መልስ ካልተሰማ ማንም አይውረድ፣ ማንም አይውጣ። ጉም ከወረደ ሁሉም ባለበት ይደር። ይህን የጣሰ እኔ ዘንድ ይምጣ።» ወረዱ። ሽማግሌው «በሕግ አምላክ፣ ሰማን» አሉ።

የታቹን ጠሪ ከቆላ ያመጡት ሾፌሮቹ ራሳቸው ናቸው። አስተዳዳሪው ወደ ሌላ አገር ተዛወሩና የተተኩት ሰው ለወረቀቱ ግድ አልነበራቸውም፤ ዝናብ አራሰው፣ ወደቀ። የጋሼ ተድላ ነገር ግን ጎንደር ደርሶ መርማሪዎች መጡ። ዳኛ ሥልጣኑን አልፎ ደንብ አወጣ፣ በገበያም አወጀ ተባለ። ክሱ ትክክል ነበር። እኔን ጠርተው አቶ ተድላ የተናገሩት ምክር ነበር ወይስ ደንብ ብለው ጠየቁኝ። ምክር ነው ብል ይተርፉ ነበር። ከመግባቴ በፊት ጋሼ ተድላ በረንዳው ላይ ይዘውኝ «የሰማኸውን ብቻ ንገራቸው፤ ለኔ ብለህ አንድ ቃል እንዳታጣምም» ብለውኛል። ደንብ ነው አልኋቸው። እንዲህ ያለ ደንብ ለማውጣት ሥልጣን ነበራቸው ወይ ሲሉኝ አልነበራቸውም ብዬ ፈረምሁ።

ጋሼ ተድላ ከዳኝነት ተሰናብተው ዳባት አካባቢ ወዳለው የእናታቸው ቦታ ገቡና ገብስ ያርሱ ጀመር። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ምርመራው አላነሡም። መንገዱ እንዴት ነው አሉኝ። በጥሪው እየሄዱ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ እዚያ መታጠፊያ ሰው አለመሞቱን ነገርኋቸው። ጠላ አስቀረቡልኝና ስለ ገብሱ አወጋን።

በመሀል ዳኛነት በወንበራቸው የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፣ ብዙ ፍርድም ጽፌአለሁ፤ ስለ ሌሎቹ የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። በዚያ ወንበር የተቀመጥሁበትን የመጀመሪያ ሳምንት ብቻ ነግሬ ልጨርስ። ሾፌሮቹ ራሳቸው አንድ ባልደረባቸውን ይዘው መጡ። ዘለቀ ተጣርቶ መልሱ ሳይመጣ ወርዶ ነው። በክሱ ላይ የተጠቀሰ አዋጅ የለም፤ የተጻፈው «በገበያ የተነገረውን በመጣስ» የሚል ነው። ዐቃቤ ሕጉ ቀና ብሎ አየኝ፤ የኔን የድሮ ፍርድ እንደሚያስታውስ ዐይኑ ይናገራል። ሾፌሩን አስቀድመህ የእነሱን ነገር ተናገር አልሁት። ተናገረ፣ ሾፌሮቹም ልክ ነው አሉ። ከዚያ የራሱን ጠየቅሁት።

«ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው ጌታዬ?» አለኝ። «ሥልጣንስ ነበረው?»

አልነበረውም። ይህንንም በፊርማዬ ያረጋገጥሁት እኔው ነኝ። ከአዳራሹ ኋላ ወርቄ ከሌሎቹ ጋር ቆማ ነበር።

ቀጣሁት።